አንድ ቅል፣ አንድ ድምፅ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዋዛ ነው። እኔ ባደግኩበት አማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ነው። «ዋዛና ፈዛዛ» ሲባል ቁም ነገር የሌለው ወሬ ማለት ነው። እዚህ መንጌ፣ በበርታ ሕዝብ ዘንድ ግን ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ መከሩ ሲደርስ፣ ደስታ ሲሆን አገር የሚያነቃንቅ። እኔ ደግሞ የመጣሁበት ጉዳይ በእኔ ቋንቋ ዋዛ የሚባለው ነው። ስለ ሱፐርሂሮ ኮሚክ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ጥብቅ ሱሪ ለብሶ፣ ካባውን እያውለበለበ ሰማይ ስለሚሰነጥቀው ሰውዬ። ሽማግሌዎቻችን ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ አልፈርድባችሁም። ሁለቱን ዋዛዎች ካገናኘኋቸው በኋላ ግን ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

የማወራው ስለ ሱሪውም ስለ ካባውም ሳይሆን ስለ አሰላለፉ ነው። እነዚህ ጀግኖች ተሰባስበው ቡድን ሲሆኑ ነገሩ እንደ እግር ኳስ ክለብ ይሆናል። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ተቀይሮ ይወጣል፣ አንዱ ተኮራርፎ ይሄዳል፣ አንዱ ይሞታል። የሞተውም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያጋጥማል። የቡድኑ ስም ግን ሽፋኑ ላይ እንደተጻፈ ይቆያል። አቬንጀርስ በ1963 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ይኸው ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ታዲያ ሰዎቹ ሁሉ ከተቀያየሩ ቡድኑ የቱ ጋ ነው ያለው? ስሙ ላይ? ሰዎቹ ላይ? ወይስ ሌላ ቦታ?

መልሱን ከመሞከሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ዋዛ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ቅሎቹ አንዱ በአንዱ አፍ ገብተው ከአፍ ወደ ጫፍ እየሰፉ ይሄዳሉ። አንዱ ክንድ ያህል ነው፣ ሌላው ከሰው ቁመት አይተናነስም። አጭሩ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ረጅሙ ወፍራም። ጉንጬን ነፍቼ ነፋሁ። «ቡ» አለ። ደግሜ ነፋሁ፤ አሁንም «ቡ»። እንደ ዋሽንት ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለው፣ እንደ ክራር የሚወጠር ጅማት የለው። አንድ ቅል፣ አንድ ድምፅ፤ በቃ። ዜማው የሚመጣው አሥርም ይሁኑ አሥራ ሁለት ሰዎች ዙሪያውን ሆነው እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ብቻ ድምፁን ሲያስገባ ነው። ዜማው በማንም እጅ የለም፤ በሰዎቹ መካከል ነው ያለው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። በ1963 እ.ኤ.አ. ማርቭል የተባለው አሳታሚ ድርጅት አምስት ጀግኖች አሰባስቦ የመጀመሪያውን የአቬንጀርስ እትም አወጣ። ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ነበሩ። አይረን ማን፣ ቶር፣ ሃልክ፣ አንት-ማንና ዋስፕ ነበሩ ቋሚ ተሰላፊዎቹ። ይህ አሰላለፍ ምን ያህል የቆየ ይመስላችኋል? ሁለተኛው እትም ሳያልቅ ሃልክ ጥሏቸው ሄደ። ግዙፉ አረንጓዴ ሰው ከማንም ጋር መስማማት አልቻለም። በአራተኛው እትም ካፕቴን አሜሪካ ገባ። ከዚያ በ1965 በወጣው 16ኛው እትም የቀሩት መሥራቾች በሙሉ ከአሰላለፉ ወጡ። የቀረው ካፕቴን አሜሪካ ብቻ ነው። በእነሱ ቦታ የገቡት ደግሞ ሆክአይ፣ ክዊክሲልቨርና ስካርሌት ዊች ናቸው፤ ሦስቱም ትናንት ከክፉዎች ወገን ሆነው ከጀግኖች ጋር ሲፋለሙ የነበሩ። አስቡት፣ ጦርነቱ ሳይበርድ ባላጋራህን ጠርተህ ቤቴን ጠብቅልኝ እንደማለት ነው!

ለምን ሆነ ይህ? ምክንያቱ ከጀግንነት ይልቅ ከቢሮ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ቶርም አይረን ማንም የየራሳቸው መጽሔት ነበራቸው። ቶር በራሱ መጽሔት ሌላ ዓለም ውስጥ ሲዋጋ እዚህ ደግሞ ከቡድኑ ጋር ኒውዮርክ ላይ መታየት አለበት። ጸሐፊው ማን የት እንዳለ ሲያስታርቅ መዋል ሰለቸው። ስለዚህ የራሳቸው መጽሔት የሌላቸውን ሦስቱን አስገባ።

ውጤቱ ግን ከቢሮ ሥራ በላይ ሆነ። የራሱ ቤት ያለው ጀግና ቡድኑ ውስጥ እንግዳ ነው። እንግዳ አይጋባም፣ አይጣላም፣ አይለወጥም፤ ራቱን በልቶ ይሄዳል። ቶር አቬንጀርስ ውስጥ እግሩን ቢሰበር የራሱ መጽሔት ምን ሊውጠው ነው? ስለዚህ አይሰበርም። እነዚያ ሦስቱ ግን ሌላ መሄጃ የላቸውም። ፍቅራቸውም፣ ቅናታቸውም፣ ውድቀታቸውም የሚጻፈው እዚያው ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ቡድን ያለኝ አሳብ ተቀየረ። ቡድን የሚቆመው በኮከቦቹ ይመስለኝ ነበር። ኮከብ ሽፋኑን ያሳምራል፤ ቤቱን የሚሠራው ግን ሌላ ቤት የሌለው ነው።

አሁን ዋዛውን አስታውሱ። ዋዛ ብቻውን መድረክ የሚወጣበት ዜማ የለውም። «ቡ» ብሎ ዝም ነው። የዋዛ ቡድን ከዳር እስከ ዳር የራሳቸው መጽሔት በሌላቸው ሰዎች የተሞላ ቡድን ነው ማለት እንችላለን።

ኮሚክ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ደርሰውበታል። ዲሲ የተባለው ሌላው ትልቅ አሳታሚ በ1958 እ.ኤ.አ. ሊጅን ኦፍ ሱፐር-ሂሮስ የተባለ የወጣቶች ቡድን ፈጠረ። ለመግባት ወረፋ የሚይዘው ብዙ ነው። የመግቢያው ሕግ ግን ጥብቅ ነበር፤ ሌላ አባል ዘንድ የማይገኝ የራስህ አንድ ኃይል ሊኖርህ ይገባል። አንተም መብረር፣ እሱም መብረር ከሆነ አንዳችሁ ትርፍ ናችሁ። አንድ ቅል፣ አንድ ድምፅ!

ስለ ኅብረት ሲወራ ሁላችንም የምንጠቅሰው ተረት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ ግን ድሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ቢበጠስ የትኛው እንደተበጠሰ እንኳ አይታወቅም። ለእኔ የቡድን ተረት «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ነው። ሰዎች መለያየትን ሊናገሩበት ይጠቅሱታል። ዋዛ ሠሪው ግን ለየቅል የበቀለውን ሁሉ መርጦ፣ አድርቆ፣ ፈልፍሎ ይገጣጥመዋል። ቅሎቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ የሚወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ይሆን ነበር።

ወገኖቼ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ታሪክ እኛን ይነካል። በሱፐርሂሮ ታሪክ ውስጥ ብዙ ከተወራላቸው የአሰላለፍ ለውጦች አንዱ የተፈጸመው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ባትማንን የማያውቅ የለም። ከጎኑ የማይለይ ሮቢን የሚባል ልጅ አለ። የመጀመሪያው ሮቢን በ1940 እ.ኤ.አ. ገባ፤ አድጎ ሌላ ስም ይዞ ሲሄድ ጄሰን ቶድ የሚባል ልጅ ተተካ። አንባቢው ግን ይህን ሁለተኛውን ሮቢን አልወደደውም። ነጭናጫ ነው፣ አይታዘዝም አለ። በ1988 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ጂም ስታርሊንና ሠዓሊው ጂም አፓሮ ሮቢን ወላጅ እናቱን ፍለጋ የሚሄድበትን ታሪክ ሠሩ። እናቱ የተገኘችው የት ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በረሃብ ተጎጂዎች እርዳታ ሥራ ላይ። ጆከር የተባለው ክፉ ሰው ሮቢንን የእርዳታ ዕቃ ያለበት መጋዘን ውስጥ በብረት ዘንግ ደበደበው። ልጁንና እናቱን ፈንጂ ካለበት መጋዘን ዘግቶባቸው ሄደ። ደቂቃው ይቆጥራል፤ ፈነዳ። እትሙ እዚህ ላይ አለቀ።

ከዚያ አሳታሚው አንባቢውን ጠየቀ፤ ልጁ ይሙት ወይስ ይዳን? ሁለት የስልክ ቁጥሮች ወጡ። በመስከረም ለሁለት ቀን፣ 36 ሰዓት ያህል ተደወለ። ሁለቱም መጨረሻ አስቀድሞ ተሥሎ ተቀምጧል፤ የሚኖርበትም፣ የሚሞትበትም ገጽ። ይዳን ያለው 5,271 ድምፅ ሆነ። ይሙት ያለው 5,343። በ72 ድምፅ ልዩነት ሮቢን ኢትዮጵያ ውስጥ ሞተ። ባትማን ከፍርስራሹ ሬሳውን ታቅፎ ወጣ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳየናል። ለአማርኛ ተናጋሪ ምርጫ የሚሰጠውም ድምፅ ነው፣ ከቅሉ የሚወጣውም ድምፅ ነው። በዚያ ስልክ ድምፅ ሰው ማስወጫ ነበር። በዋዛ ድምፅ ሰው መግቢያ ነው፤ የራስህን ድምፅ ይዘህ ካልመጣህ ክቡ ውስጥ ቦታ የለህም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ታሪክ አገራችን ካምፕና መጋዘን ናት። የሰው ልጅ የሚሞትበት ጀርባ ሥዕል ሆና ነው የገባችው፤ ከተሰላፊዎቹ ወገን ሆና አይደለም። በዚያው ዘመን እዚህ አሶሳ ዙሪያ እውነተኛ የአሰላለፍ ለውጥ እየተካሄደ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግሥት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአብዛኛው ከወሎ ተነስተው በመኪና እየተጫኑ ወደዚህ ዞን መጥተው ሰፍረዋል። ሲመጡ ፈልገው ነው ወይ፣ ቦታውስ ባዶ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም መልስ አላለቀም። በርታው ማሽላውን ሲዘራ፣ ሰፋሪው ጤፉን ሲያስብ፣ ያለማንም ምርጫ አንድ ቡድን ሆነው ተገኙ። ይህን ታሪክ ማን ሣለው? ያኔ ስለ ኢትዮጵያ ኮሚክ የሣለው ሰው መጋዘን ብቻ ነው የታየው። እዚህ የነበረውን የምታውቁት እናንተና ወላጆቻችሁ ናችሁ።

ሮቢን ከሞተ በኋላ ምን ሆነ? ባትማን ብቻውን ቀረ። በንዴት ታውሮ በግዴለሽነት ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥል ጀመር። በ1989 እ.ኤ.አ. ቲም ድሬክ የሚባል ልጅ መጣ። ቲም እኔ ጀግና ልሁን ብሎ አልመጣም። ባትማን ሮቢን ያስፈልገዋል ብሎ ነው የመጣው። ልዩነቱን ልብ በሉ። ልጁ ያየው ባዶውን ቦታ ነው፤ የጎደለውን ድምፅ ሰማ። ስለዚህም ነው አንባቢው ሁለተኛውን ጠልቶ ሦስተኛውን የተቀበለው ብዬ አስባለሁ። ጄሰን ራሱ በ2005 ከሞት ተነስቶ ተመልሷል፤ ኮሚክ ውስጥ መቃብር ብዙም አይታመንም። ቦታውን ግን መልሶ አላገኘም፤ የመጣው በሌላ ስም፣ ተበቃይ ሆኖ ነው።

ከዚህ ጋር ኤክስ-ሜንን ላምጣ። ይህ ቡድንም የ1963 ልጅ ነው። በ1970 ገበያው ስለቀዘቀዘበት አዲስ ታሪክ መጻፉ ቆመ፤ አምስት ዓመት የቆየው የድሮዎቹን ደግሞ በማተም ነው። በ1975 ሌን ዊንና ዴቭ ኮክረም አዲስ አሰላለፍ ይዘው መጡ። ከአፍሪካ ስቶርም፣ ከጀርመን ናይትክሮለር፣ ከሶቪየት ኅብረት ኮሎሰስ፣ ከካናዳ ዎልቨሪን፣ ከአየርላንድ ባንሺ፣ ከጃፓን ሰንፋየር፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተንደርበርድ። ከየአገሩ አንድ አንድ።

ይህን አሰላለፍ ሳይ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን በቴሌቪዥን የማየው ትዕይንት ይመጣብኛል። ከየብሔረሰቡ አንድ ጥንድ፣ የየራሱን ልብስ ለብሶ፣ ተሰልፎ እጁን ያውለበልባል። ያምራል፤ አልጠላውም። ግን ያ ፎቶግራፍ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ኤክስ-ሜንም እንዲሁ ቢቀር ኖሮ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ሆኖ በቀረ ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ ወዲያው ወጥተዋል፤ ሰንፋየር አኩርፎ ሄደ፣ ተንደርበርድ በማግሥቱ ዘመቻ ሞተ። የቀሩትን ቡድን ያደረጋቸው ከየት መምጣታቸው አይደለም። ከዚያ ብዕሩን የተረከበው ክሪስ ክሌርሞንት 16 ዓመት ሙሉ አንድ ቤት አስገብቶ አጣላቸው፣ አስታረቃቸው፣ አፋቀራቸው። ልብሱ በአንድ ቀን ይሰፋል፤ ድምፅ ግን ከሌላ ድምፅ ጋር ሲጋጭ ነው የሚለየው።

የዚያች የ1975 እትም ታሪክ ደግሞ አንድ ቁም ነገር አላት። አዲሶቹ የተጠሩት ነባሮቹ አንድ ደሴት ላይ ተይዘው ስለጠፉ ነው። የአዲሱ አሰላለፍ የመጀመሪያ ሥራ የድሮውን ፍለጋ መሄድ ነበር።

እኛ ይህን በሥዕል ሳይሆን በዓይናችን አይተናል። ነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ.፣ አቴንስ ኦሊምፒክ፣ 10 ሺህ ሜትር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ወርቁን የወሰደበት ውድድር ነው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ናቸው። ኃይሌ እግሩን ታሞ ነው የገባው፤ ወደኋላ ቀረ። ቀነኒሳ ዞር ብሎ አየ። ሁለቱ ወጣቶች ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ጠበቁት። ደረሰባቸው። ከዚያ መልሶ ቀረ። ያኔ ነው የሄዱት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። የነሐሱ ሜዳሊያ የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ ሆነ። ሰዓት ለሚቆጥር ሰው ያ መጠበቅ ኪሳራ ነው። እኔ ግን ትክክለኛ የተሰላፊ ቅየራ አሳየን ብባል የማሳየው ያችን ዞር ብላ የምታይ አንገት ነው። መተካት ማለት ቦታውን መያዝ ብቻ አይደለም፤ ቦታው የማን እንደነበረ እያወቁ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልዙር። እናንተም ልትሥሉ ትችላላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ብሥራት ደበበ የሚባል ኢትዮጵያዊ ኢታን ኮሚክስ በሚል ስም «ጀምበር»ን አሳተመ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ጀግናው አማኑኤል ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ጀግና! ከእሱ ቀጥላ ሴቷ ጀግና «ሐዊ» መጣች። ሁለቱም በየራሳቸው መጽሐፍ የመጡ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው ናቸው። በሆክአይ ቋንቋ ስናወራ፣ ቤት የሌላቸው ገና ናቸው። እነዚያን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

የመንጌ ልጅ ቡድን ቢሥል ምን ይሥላል? የእኔ ምክር ከልብስ አትጀምሩ ነው። ከቤት ጀምሩ። ወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ የምትውል ልጅ አለች እንበል፤ ኃይሏ መብረር አይሁን፣ አሸዋ ውስጥ ያለውን ማየት ይሁን። በቁጥር የሚጠራ የሰፋሪ መንደር ውስጥ የተወለደ ልጅ አለ፤ አያቱ ስለ ወሎ የነገሩትን ሁሉ አይረሳም፣ ኃይሉ እሱ ነው። ከድንበር ማዶ በጦርነት ተሰድዶ የመጣ፣ ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ፣ በአንዱም የማይናገር ልጅ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ስጡት፤ ከአንድ አትጨምሩ። ሁሉን የሚችል ጀግና ማንንም አይጠራም፤ ካልጠራ ቡድን የለም። ከዚያ አጣሏቸው። መሬቱ የማን ነው ብለው ይጣሉ፤ ይህን ጥል እዚህ አገር ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። ከተጣሉ በኋላ አብረው የሚነፉት ዜማ እንዳላቸው የሚያውቁበትን ገጽ ግን ራሳችሁ ሣሉት፤ እሱን ከሌላ አገር ኮሚክ አትገለብጡትም።

አንዱ ሲወጣ ደግሞ ቶሎ አትተኩት። አንድ እትም ሙሉ ቦታው ባዶ ይሁን። አንባቢው ጉድለቱን ይስማው። ያን ጊዜ የሚመጣው ሰው ምን ሊሞላ እንደመጣ ያውቃል።

ሲጀመር የቱ ጋ ነው ቡድኑ ብዬ ጠይቄ ነበር። ስሙ ላይ አይደለም፤ ስሙ ሽፋን ነው። ሰዎቹ ላይም ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ይሄዳሉ። በአንዱ ድምፅና በሌላው ድምፅ መካከል ባለችው ክፍተት ነው፤ ቀጣዩ ተራዬ ደረሰ ብሎ በሚጠብቅባት። ዋዛ ነፊዎቹ ይህን ሳይጽፉት ያውቁታል።

ንግግሬን ልጨርስ ነው። ዋዛ ነፊዎቹ ውጭ ተዘጋጅተው እየጠበቁን ነው። ተማሪዎች፣ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዜማውን በሙሉ አትስሙት። ከክቡ ውስጥ አንድ ሰው ምረጡና ዓይናችሁን እሱ ላይ ብቻ አድርጉ። መቼ እንደሚነፋ፣ መቼ እንደሚጠብቅ እዩ። ደክሞት ቅሉን ለሌላ ሰው ካቀበለ የተቀበለውን ሰው ተዉትና ጆሯችሁን ስጡ፤ ዜማው የት ጋ እንደተቀየረ ልታውቁት ከቻላችሁ መጥታችሁ ንገሩኝ።